የቀጠነው ዘይት

ሥራነሽ ጣቷን ከጀሪካኑ አውጥታ ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ አጣብቃ ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው። ምንም አልተሳበም። ዘይቱ ክር ሳይሠራ ተለያየና ወደ መዳፏ ወረደ። ቀጭን ነው። መልኩ ደግሞ ገና ከሱቅ የወጣ ይመስል ቢጫ ነው። የተቃጠለ ዘይት ጥቁር መሆኑን በአምበር ዙሪያ የማያውቅ ሰው የለም።

"ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ?"

ባሏ መሳፍንት ከበረቱ ደጃፍ ቆሟል። ሥራነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

"ዶሮዋ እገለባው ውስጥ የምትጥል መስሎኝ እንቁላል ስፈልግ ነዋ። ይኼ ጀሪካን የምንድን ነው?"

"የተቃጠለ ዘይት ነው። ምሰሶውን ምስጥ ጀምሮታል። ልቀባው ብዬ ያን ጊዜ ከትራክተሩ ያወጣነውን አመጣሁት።"

"በጆንያ የሸፈንኸውስ?"

"መቅዲ እንዳትደፋው።"

ለሁሉም መልስ ነበረው፤ ሥራነሽን ያስፈራትም ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ መሳፍንት አንድ ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ ራሱን ያካል፣ ቀጥሎ "እ?" ይላል፣ ከዚያ ነው የሚመልሰው። ዛሬ ራሱን አላከከም። ወይም አክኮ እሷ አላየችው ይሆናል። አንድ ጊዜ ጥርጣሬ የገባት ሴት የባሏን እጅ ስታይ ፊቱ ያመልጣታል፣ ፊቱን ስታይ እጁ ያመልጣታል።

ነገሩ የጀመረው በማኅበሩ ትራክተር ነው። ስንዴ በኩታ ገጠም የሚዘሩ ገበሬዎች ተባብረው ገዙት፣ መሳፍንትን ሾፌር አደረጉት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ እንዳላማው ዕድሜያቸውን በማር ንግድ የጨረሱ ሰው ናቸው። ማር ሲገዙ ሚዛን ከማየታቸው በፊት ጣታቸውን ይነክራሉ። ማሩ ሳይበጠስ ከተሳበ ይገዛሉ። ከተበጠሰ ግን ባለማሩን ሰው በተሰበሰበበት "ስኳር ነው ያመጣህልኝ?" ብለው አንገቱን ያስደፉታል። በዚህች ጣታቸው ተሳስተው አያውቁም ይባላል። እሳቸውም ይህንኑ ይላሉ።

ዘይት ሊገዙ ደብረ ማርቆስ ሲወርዱም ጣታቸውን ይዘው ነው የወረዱት። በሙነወር ሱቅ ያለውን ዘይት ሁሉ እየነከሩ ሳቡ። አንዱም ልባቸውን አልሞላውም። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ጥግ ዘይት ማወፈሪያ የሚሉትን ፈሳሽ አገኙ። ያን ጠብ አድርገውበት ሲስቡት ዘይቱ ከጣታቸው እስከ ክንዳቸው ክር ሆኖ ተንጠለጠለ። "ዘይት ማለት እንዲህ ነው!" አሉ፤ አብረዋቸው የሄዱት ሁሉ በአድናቆት ተያዩ። በዚህ ትራክተር ማርሹን የሚያለሰልሰውም ማረሻውን የሚያነሣውም ዘይት አንድ ነው። እሱን ከነማወፈሪያው ሞሉት።

ብዙም ሳይቆይ ማረሻውን የሚያነሣው ክንድ ሰነፈ። ከፍ ያደርግና እርሻው መሀል ይለቀዋል። መሳፍንት ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ ዘይቱ አይሳብም። አስወጥተው አዲስ ሞሉበት፣ ማወፈሪያም ጨመሩበት። እሱም ቀጠነ። ያን ጊዜ አያ እንዳላማው ማኅበሩን ሰበሰቡ።

"የገባውን ዘይት በዚህች ጣቴ አይቸዋለሁ፣ የወጣውንም አይቸዋለሁ። አንድ አይደሉም" አሉ። "ጥሩውን ቀድቶ፣ በነጭ ጋዝ የቀጠነ የሚጨምርበት ሰው አለ። ወይ ነጋዴው ነው፣ ወይ ከእኛው ነው።"

ነጋዴው ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። የትራክተሩ ቁልፍ ያለው በመሳፍንት ኪስ ነው። ስሙን የጠራ የለም፤ ሰው ሁሉ ግን ዘወር ብሎ አየው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚካኤል ደጀ ሰላም፣ በአባ ወልደ ሩፋኤል መስቀል እንዲምል ተወሰነ። መሳፍንት ዓይኑን ሳያሽ "እምላለሁ" አለ። ሥራነሽ ያን ዕለት በባሏ ኮርታ ነው ወደ ቤቷ የገባችው።

አሁን ያ ኩራት ከጀሪካኑ ፊት ሟሟ፤ በጥሩው ምትክ ትራክተሩ ላይ የሚጨመረው የቀጠነ ዘይት ይኸው መሰላት። ሥራነሽ ሌብነት ያሳፍራታል፤ በሐሰት መማል ግን ያንቀጠቅጣታል። በሐሰት የተማለ መሐላ የሚወድቀው በሚምለው ሰው ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው ብላ ታምናለች፤ ያሳደጓት እንዲህ ብለው ነው። ልጇ መቅዲ ደግሞ እደጅ ቁጭ ብላ ከጭቃ ትራክተር ትሠራለች። ሰርቆ ከሆነ መማል የለበትም። አለቀ። ራሷ በአያ እንዳላማው እግር ላይ ወድቃ ትናገርበታለች እንጂ በልጇ አታስምለውም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ ከሚያውቅ ሰው ልታጣራ፣ የመቅዲን የሳል መድኃኒት ጠርሙስ አጥባ ከጀሪካኑ ቀዳችና በመቀነቷ ሸጉጣ ወጣች። ለመሳፍንት ለመቅዲ ጫማ ልገዛ ነው አለችው። "ሂጂ፣ ግን ዝናብ ሳይመጣ ተመለሽ" አለ። ዝናብ ለምን አነሣ? ቶሎ እንድመለስ ነው ወይስ እስክመለስ የሚሠራው አለው? እያለች እስከ ማርቆስ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ምንም ሳታይ ሄደች።

ሙነወር ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው መዝሙር የሚያሰማ ባጃጅ መንገዱን ዘግቶባቸው ሲቆጡ ደረሰች። ጠርሙሱን ስታወጣ ፊታቸው ተለወጠ።

"ከየት ነሽ?"

"ከአምበር።"

"ከእንዳላማው ማኅበር?" መልስ ሳይጠብቁ ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፉት። "ጋዝ ይቀላቅላል ብሎ በየገበያው ስሜን አጥፍቶታል። አሁን ደግሞ ምስክር ላከብኝ? ይኼ ከኔ ሱቅ መውጣቱን በምን አውቃለሁ? እኔ የሸጥሁት ማኅተሙ ያልተነካ ነው።"

"ከርስዎ ሱቅ ነው መች አልሁ?"

"ታዲያ ከየት ነው?"

ከጓዳው በር አንዲት መሐረብ ያሰረች ወጣት ብቅ አለች፤ የሙነወር ልጅ ቶይባ ናት፣ እዚያው ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ማሽን ታስተምራለች። ጠርሙሱን አንሥታ በብርሃን አየችው።

"አባባ፣ አንተ ባጃጁን አስነሣ" አለችና ሥራነሽን በክንዷ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። "እህቴ፣ ከማን ቤት ነው የመጣው?"

ሥራነሽ ለማንም ያልተናገረችውን ለማታውቃት ልጅ ተናገረች። "ከቤቴ። ባሌ ሾፌር ነው። ነገ ሊምል ነው።"

ቶይባ ማንኪያ አምጥታ ከዘይቱ ጠብ አደረገችና በሻማ ላይ አሞቀችው። አሸተተችው፣ ሥራነሽንም አስሸተተቻት። ክብሪት ጭራ አስጠጋችበት። አልተቀጣጠለም።

"ነጭ ጋዝ ቢኖርበት ኖሮ ገና ሲሞቅ አፍንጫሽን ይመታሽ ነበር፤ እሳትም ባየ ጊዜ ቦግ ይል ነበር። ምንም አልተቀላቀለበትም።"

"ታዲያ ውፍረቱን ምን በላው?"

"ማርሹ።" ቶይባ የሁለት እጇን ጣቶች አቆላለፈች። "ማወፈሪያው በዓይን የማይታዩ ረጃጅም ክሮች ናቸው፣ ዘይት ውስጥ የተበተኑ። ያ የሚሳበው በነሱ ነው። ማርሽ ግን ጥርስ ለጥርስ ሲገጥም በመካከሉ የሚያልፈውን ዘይት ጨምቆ ይፈጨዋል። ክሩ ይበጠሳል። ደግሞ ሲያልፍ እንደገና ይበጠሳል። ጥጥ ትፈትያለሽ አይደል? ጥጡን በመቀስ ከቆራረጥሽው በኋላ ክር ይወጣዋል?"

"አይወጣውም።"

"በቃ። ጥጡ አልጠፋም፣ አልተሰረቀም፤ ክር መሆን ነው ያቃተው። ዘይቱም እንደዚያው ነው። አንዴ ከተበጠሰ ቢያርፍም ቢቀዘቅዝም አይቀጠልም።"

"መልኩስ? የተቃጠለ ዘይት ነው ብሎኛል፤ አልጠቆረም እኮ።"

"የሚጠቁረው የሞተር ዘይት ነው፣ እሳትና ጥላሸት ስላለበት። ማርሹ ጋ ምን እሳት አለ? ይኼ አልተቃጠለም፤ ተቆራረጠ እንጂ።" ቶይባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማወፈሪያው ለዚህ ሥራ አይሆንም ብዬ ለአባባም ነግሬው ነበር። ጭስ ለሚያበዛ አሮጌ ሞተር ነው የሚሸጠው። ሰውየው ግን ይሳባል ብለው አልሰማ አሉ፤ አባባም ከገዢ ጋር አይከራከርም።"

ሥራነሽ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ደስታ ነው መሰላት። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። መሳፍንት ካልሰረቀ፣ ዘይቱም ካልተቀላቀለበት፣ ይህ ወሬ ከመሳፍንት ይልቅ የሚጠቅመው ማንን ነው? ሙነወርን። የምትናገረውስ ማን ናት? ልጃቸው።

ቶይባ ፊቷን ያየች ይመስላል። "አላመንሽኝም" አለች። "እነሱም አያምኑሽም። ቆይ።" ከመደርደሪያ ላይ የቆየ የጁስ መፍጫ አወረደች። "የእናቴ ነው፣ አዲስ ከተገዛ ወዲህ ረስታዋለች። ማወፈሪያ ያለበትን አዲስ ዘይት እዚህ ውስጥ አድርጊና ደጋግመሽ አስፈጪው። ስለቱ ማርሽ አይሆንም፤ ክሩን ግን ይቆራርጠዋል ብዬ አስባለሁ።"

"ታስቢያለሽ?"

"እኛ በሌላ መሣሪያ ነው የሞከርነው። በዚህ ሞክሬ አላውቅም" አለች ቶይባ። "እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

የሥራነሽ ልብ ትንሽ የተመለሰው በዚህ ነው። ሊያታልል የመጣ ሰው አላውቅም አይልም። ቢሆንም መፍጫውን በነጠላ ጠቅልላ አምበር እስክትደርስ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ ባሏን፣ አንዴ አያ እንዳላማውን ስትከስስ ስትፈታ ዋለች። ማታ ለመሳፍንት ምንም አልነገረችውም። ነገ የሚሆነውን ከሰው ጋር እኩል እሷም ልታይ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ከሚካኤል ደጀ ሰላም ፊት ተሰበሰበ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። መሳፍንት ጫማውን አውልቆ ሊቀርብ ሲል ሥራነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

"አባ ይፍቱኝ፣ መሐላው ከመሆኑ በፊት አንድ የማሳየው ነገር አለኝ። ዘይቱን የሚያቀጥነው ሌባ ሳይሆን ማርሹ ነው ብለውኛል።"

"ማን ነው ያለሽ?" አሉ አያ እንዳላማው።

"የሙነወር ልጅ።"

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። አያ እንዳላማው "ይኸው! ነጋዴው የራሱን ጠበቃ ላከ" አሉ። መሳፍንት ግራ ተጋብቶ ሚስቱን ብቻ ያያል።

"ከሱ ሱቅ ያመጣሁት ዘይት የለም፣ አያ" አለች ሥራነሽ። "እርስዎ በመጋዘን ቆልፈው ካስቀመጡት እርስዎ ራስዎ ይቅዱ። በጣትዎ ይዩት። ከዚህ መፍጫ ውስጥም እርስዎ ይጨምሩት። እኔ አልነካውም።"

አያ እንዳላማው አባን አዩ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት። "መሐላ የሚመጣው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው" አሉ። "መንገድ ካለ እንየው።"

ሰዉ ሁሉ ወደ መጋዘኑ ተንጋጋ፤ መብራት ያለው እዚያ ነው። አያ እንዳላማው በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው፣ ማወፈሪያ የተጨመረበትን ዘይት በራሳቸው እጅ ቀዱ። ጣታቸውን ነክረው ሳቡት። ክሩ ረዘመ፣ የጠዋት ፀሐይ መትቶት አብረቀረቀ። "እዩት!" አሉ በኩራት፣ ለሰው ሁሉ አሳዩት። ከዚያ መፍጫው ውስጥ አደረጉት።

መፍጫው ጮኸ። ጎረምሶቹ "አንድ አቮካዶ!" እያሉ ተሳሳቁ። ሥራነሽ አልሳቀችም። እያሳረፈች ደግማ ደጋግማ አስነሣችው። የጋለ ሽቦ ሽታ መጋዘኑን ሞላው፤ የቶይባን እናት አሰበች። አረፋ የሞላው ዘይት ጣሳ ውስጥ ሲገለበጥ አያ እንዳላማው ጣታቸውን ነከሩ። ሳቡት። ተበጠሰ።

አያ እንዳላማው ግን ጣታቸውን አሻሽተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሙቀቱ ነው ያቀጠነው። ማርም ሲሞቅ ይቀጥናል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ማርን ለኔ ልታስተምሩኝ ነው?"

ልክ ናቸው። ሥራነሽ ይህን አላሰበችበትም፤ ቶይባም አልነገረቻትም። "ቢቀዘቅዝም አይቀጠልም" ያለችው ቃል ብቻ ነው ያላት። ጣሳውን ከነዘይቱ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጡት፣ ያልተፈጨውንም ከጎኑ። ሰው እየወጣ እየገባ መጠበቅ ጀመረ። መሳፍንት ከግድግዳው ተደግፎ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ሥራነሽ ወደ ገንዳው አታይም። የምታየው የባሏን ፊት ነው፤ የፈራ ሰው ፊት ይሆን ወይስ የተበደለ ሰው ፊት ብላ ትመረምረዋለች። መለየት አቃታት። ለካ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ጣሳው እንደ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ አያ እንዳላማው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ያልተፈጨውን ሳቡ፤ ክሩ ተንጠለጠለ። ጣታቸውን ጠርገው የተፈጨውን ሳቡ። ተበጠሰ። እንደገና ነከሩ። ተበጠሰ። በሌላ እጃቸው ሞከሩ። አያ እንዳላማው ጣታቸውን ከዓይናቸው አርቀው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ያቺን የታወቀች ጣታቸውን።

"ከዓይኔ ሥር ነው የነበረው" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። "የነካው የለም።"

ከኋላ አንድ ሰው "ቢሆንም ለማንኛውም ይማልና ነገሩ ይዘጋ" አለ።

"ለማንኛውም ተብሎ አይማልም" አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል ተቆጥተው፣ መስቀላቸውን በመሐረብ ጠቀለሉት።

አያ እንዳላማው ወደ መሳፍንት ሄዱ። ይቅርታ ማለት ያልለመደ ሰው ስለሆኑ ቃሉ ወዲያው አልመጣላቸውም። "ጫማህን አድርግ፣ ልጄ" አሉት። ቆየት ብለው "አንተንም ነጋዴውንም በድያለሁ። ለሱም ሄጀ እነግረዋለሁ። ዘይቱንም ከእንግዲህ ልጅቱ የምትለውን ነው የምንገዛ" አሉ። የሥራነሽ ዕንባ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ባሏ አልሰረቀም። መቅዲ ላይ የሚወድቅ ነገር የለም።

ሴቶቹ ከበቧት። "ባል እንዲህ ነው የሚጠበቅ!" አለች አንዲቱ። ሌላዋ "ለባሏ ማርቆስ ድረስ የሄደች!" ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሥራነሽ ወደ መሬት አየች፤ ሴቶቹ ይሉኝታ መሰላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ጭቃ ስለነበር መሳፍንት ከፊት እየቀደመ ደረቁን ይመርጥላታል። ከመንገዱ ዳር ካለው የአጋምሳ ቁጥቋጦ ሥር ሲደርሱ ቆመ።

"ማንም አላመነኝም ነበር" አለ። "ወንድሞቼ እንኳ ዓይኔን አያዩኝም። አንቺ ግን..." ወደ እሷ ዞረ። "አልነገርሁሽም እንጂ ትናንት ደጀን ያለ የጭነት መኪና ባለቤት ደውሎልኝ ነበር። ና ለኔ ንዳ ብሎኛል። መሐላው እንዳለቀ ልሄድ ቆርጨ ነበር። በሚጠረጥረኝ ሰው መሀል እንዴት አድርጌ እኖራለሁ? አሁን ግን ቤቴ ካመነኝ የሌላው ምን ገዶኝ! እቀራለሁ። አሁኑኑ ልንገረውና ሌላ ሰው ይፈልግ።"

ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን መፈለግ ጀመረ። ፊቱ ላይ ሥራነሽ ካየችው የቆየ ደስታ ነበር። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ቶይባ ማርቆስ ናት፣ ጠርሙሱም እዚያው ቀርቷል። ዝም ብትል ባሏ ይቀራል፣ መቅዲም ከአባቷ ጋር ታድጋለች። ብትናገር የደጀኑ መንገድ ክፍት ነው። ዝም ልትልም አፏን ገጠመች። እሱ ግን ቁጥሩን አግኝቶ እየሳቀ ቀና ሲል በዚያ ሳቅ ፊት መቆም አቃታት። እጇን ስልኩ ላይ ጫነች።

"ቆይ፣ አትደውል" አለችው። "ማርቆስ የሄድሁት ላንተ ልከራከር አይደለም። ከበረቱ ጀሪካን ቀድቸ ነው የሄድሁት። ሰርቀሃል ብዬ ነበር።"